ለሁለት ሰው የሚሆን ሰፈር

ጥርስ ሰሪዋ ወደ ትልቁ ከተማ የመጣችው አርባ ሁለት ዓመት በሞላት በሦስተኛው ወር ነው። ጥርስ ሰሪ የሚሏት ሰው ሰራሽ ጥርስ ስለምትሰራ ነው። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን የድድ ቅርጽ በጄሶ ይልኩላታል፤ እሷ ጥርሶቹን ሰም ላይ አንድ በአንድ እየሰካች፣ እየሞረደች፣ ሰው ሳይሳቀቅ የሚያኝክበትንና የሚስቅበትን አፍ ትመልስለታለች። በቀድሞዋ ትንሽ ከተማ አስራ አምስት ዓመት ስለሰራች፣ መንገድ ላይ አንዱ ሽማግሌ ፈገግ ካለላት ከሰላምታው በፊት ዓይኗ ጥርሱ ላይ ያርፍ ነበር። «የላይኛው ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ነገ ይምጡና ላስተካክለው» ትላለች፣ እዚያው መንገድ መሀል።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በሞተር ጩኸትና በገመድ ሲጢጥታ መሀል ስለሚውል፣ ቤት ሲገባ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው። መስሪያ ቤቱ በትልቁ ከተማ አዳዲስ ፎቆች ሲረከብ «አንተ ካልሄድክልን ማን ይሄድልናል?» አለው። የዝውውር ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው፣ እሷ ገና እስከ ታች ሳታነበው «እንሂድ» አለች።

«ትንሽ አናስብበትም?»

«ምኑ ይታሰባል? እንሂድ።»

በማግስቱ ሻንጣዎቹን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደቻቸው። ጉዞው ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ሁለቱን ወር ሙሉ ሻንጣዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተጋድመው፣ ባሏ ሲወጣም ሲገባም እየተደናቀፈባቸው ከረመ።

እንዲህ ያጣደፋት ቤቱ ነበር። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሲመርጡት ከትምህርት ቤት አጥር ጋር የተጣበቀ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነበር፤ የመረጡትም ልጅ ሲመጣ መንገድ እንዳያቋርጥ ብለው ነው። ልጅ ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊመጣ ብሎ፣ ሴት መሆኗ እንኳን ታውቆ፣ በአምስተኛው ወር ቀረ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከዓመት ሐኪም ቤት ተመላለሱ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንዱ ሐሙስ፣ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ ባሏ መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ «ይብቃን?» አላት። «ይብቃን» አለችው። በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። የትምህርት ቤቱ ደወል ግን በየጠዋቱ መስኮታቸውን እያርገበገበ ይደወል ነበር።

ትልቁ ከተማ ሲደርሱ መስሪያ ቤቱ ለአርባ ቀን የእንግዳ ክፍል ሰጣቸው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ በክንድ የሚያጥር መጋረጃ። በአርባ ቀን ውስጥ ሰፈር መርጠው፣ ቤት ተከራይተው መውጣት አለባቸው። ባሏ ሊፍት በቆመበት ሁሉ እየተጠራ ቀን ከቀን ስለሚሮጥ ፍለጋው በእሷ ላይ ወደቀ። እሷም በጥርስ ላብራቶሪ ሥራ አግኝታ ስለነበር፣ በምሳ ሰዓትና ከሥራ መልስ ከተማዋን በእግሯ ታስሳት ጀመር።

መጀመሪያ የያዘችው ደላላ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ሲናገር ላብ የሚጠርግ ሰው ነበር። ሁሉም የሚጠራው «ቶሎ በሉ» እያለ ነው፤ እሱ ራሱ ከአፉ የማትለየው ቃል እሷ ናትና።

«ይሄንን ቤት ቶሎ በሉ፣ ከእጃችሁ እንዳያመልጥ!» አላት የመጀመሪያውን በር ሲከፍት። «ለልጆቹ ትምህርት ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ፣ መጫወቻው እዚያው ከታች።»

«ልጆች የሉንም።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ይመጣሉ።»

«አይመጡም» አለች። እንዲህ አፍ አውጥታ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ቶሎ በሉ ላቡን ጠርጎ ትንሽ አሰበ። በማግስቱ ወደ ኮረብታው ወሰዳት። አጥሩ ሁሉ ረዣዥም፣ መንገዱ የተጠረገ፣ ሰው የማይታይበት ሰፈር ነው። አንዲት ሴትዮ ከበሯ ብቅ ብላ አየቻቸውና መልሳ ዘጋች። ጥርስ ሰሪዋ አስር ደቂቃ እንኳን ሳትቆይ የራሷ እርምጃ ድምፅ አስጨነቃት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሙዚቃ ቤት ላይ ሙዚቃ ቤት የተነባበረበት መንገድ አሳያት፤ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ወጣቶች «እናቴ፣ ማንን ነው የሚፈልጉት?» ብለው ተነሱላት። ማክበራቸው ነው። እሷ ግን ፊቷ ቅጭም አለ።

«እንግዲህ እህቴ ሆይ» አለ ቶሎ በሉ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ልጅ ላለው ሰፈር አለኝ። ላላገባ ሰፈር አለኝ። ልጆቹን ድሮ ላሰናበተ ሽማግሌም ሰፈር አለኝ። ለናንተ ዓይነቱ ግን ... እውነቱን ልንገርሽ? ምን እንደምትፈልጉ አላውቅም።»

እሷም አታውቅም ነበር። ባሏን ስትጠይቀው «ጸጥ ይበል እንጂ የትም ይሁን» አለ። እሷ ደግሞ ጸጥታ ያስፈራታል። ሰው ሲወጣ ሲገባ ማየት፣ ሲጠራሩ መስማት ትወዳለች። አንዱን ሰፈር ጠዋት ወዳው ማታ ትጠላዋለች። አንዱ ለአውቶቡስ ይርቃል፣ አንዱ ጥላ የለውም፣ አንዱ ምንም አይጎድለውም፤ እሱኑ ትታው ትሄዳለች። ዓይኗ አዋጅ ሆነባት። ቀልቧ አልሰበሰብ ብሎ ላብራቶሪም አንድ ስህተት ሠራች፤ የአንዱን ሰው የታችኛ ጥርስ ለሌላው ሐኪም ላከች። ኃላፊው ጄሶውን በእጁ ይዞ መጥቶ «ምነው፣ ሀሳብሽ የት ነው ያለው?» ሲላት «ቤት ፍለጋ ላይ» አለች። እሱም ሳቀና «እንግዲያው ይህ ሰውዬ ቤት እስክታገኚ ፈሳሽ ይጠጣ» አላት።

በአስራ ስድስተኛው ቀን፣ ከሥራ ስትመለስ አውቶቡሱን ትታ በእግሯ ስትቆርጥ፣ አንድ አረንጓዴ የብረት በር ላይ «ለቤተሰብ የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት አየች። አንኳኳች። የከፈቱት ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ነበሩ። አርባ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አሁንም «ቲቸር» ይላቸዋል። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ላይ አንድ ገመዱ የተበጠሰ ዥዋዥዌ፣ ከዛፉ ጀርባ ንጹህ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነበር።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» አሏት ቲቸር፣ ገና የቤቱን በር ሳይከፍቱ።

በአስራ ሰባት ዓመት ትዳሯ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለሰችው ቁጥሩን አታውቀውም። «የሉንም» ስትል የሚከተለውን ግን አሳምራ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ አንገት መድፋት፣ ከዚያ የአንድ ጎበዝ ሐኪም ስልክ ቁጥር። ያን ቀን ደክሟት ነበር። ጫማዋም አሟት ነበር።

«ሁለት» አለች።

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ሌላ ሰው እንደተናገረው ሁሉ ክው ብላ ቆመች። የቲቸር ፊት ግን በራ። «ጎሽ! ሴት ነው ወንድ?»

«ትልቋ ሴት ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ትንሹ ወንድ ነው፣ ስድስት።»

«ልክ የምፈልገው! እኔ፣ ልጄ፣ ስልሳ ሕፃን በሚንጫጫበት ክፍል ነው ያረጀሁት። ይሄ የግቢ ጸጥታ ያሳምመኛል። ሂሳብ ትወዳለች ልጅቷ?»

«ትወዳለች። ማባዛት ላይ ብቻ ትንሽ ...»

«ማባዛቱን ለኔ ተዪው» አሉ ቲቸር።

ልጆቹ የአባታቸው እህት ዘንድ ናቸው አለች፤ ቤት እስኪገኝ። አባትየው ሥራ ላይ ነው። ይህ እውነት ስለነበር ስትናገረው እፎይ አለች። ስትወጣ እግሯ መሬት አልረግጥ አላት። ለባሏ ምንም አልነገረችውም። «አንድ ቤት እያየሁ ነው፣ ገና አልቆረጥኩም» አለችው ብቻ።

ነገ ሄጄ አፍርጬ እነግራቸዋለሁ ብላ አደረች። ነገ ሄደች፣ አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀንም ሄደች። ቲቸር አናጢ ጠርተው ዥዋዥዌውን በአዲስ ገመድ አሰርተውት ነበር። ሻይ አቀረቡላት፣ ስልክ ቁጥሯን ተቀበሏት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቋት፣ እሷም መለሰች። ልጁ ጫማውን ማሰር እምቢ ይላል። ልጅቷ ስታነብ ከንፈሯን ትነክሳለች። ከየት እንዳመጣችው ሳታውቅ ይመጣላት ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ «ለዚህ ልጅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ብገዛለትስ?» ብላ ስታስብ ራሷን አገኘችው። ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ወርዳ፣ ነፋስ እየመታት በእግሯ ሄደች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገላዋን እየታጠበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ባሏ አነሳው። ከመታጠቢያው ስትወጣ ስልኩን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነው?»

«አንድ ሴትዮ ናቸው። ቲቸር ነኝ አሉኝ።»

ፎጣውን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «ምን አሉ?»

«ቀለም ቀቢው ቆሞ እየጠበቀ ነው አሉ። የልጅቷ ክፍል ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቢጫ አሉኝ።»

ጸጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምን አልካቸው?» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«ቢጫ አልኩ።»

ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። እሱ አልተነሳም፣ አልተቆጣም። ስልኩን እያገላበጠ ቆየና «ስንት ዓመቷ ነው ያልሻቸው?» አላት።

«ዘጠኝ።»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። «ልክ ነው» አለ። «ዘጠኝ ነው የሚሆናት።»

ያኔ አለቀሰች። ዓመታት ሙሉ ታምቆ የኖረ ለቅሶ ስለነበር ድምፅም ሥርዓትም አልነበረው። ባሏ ከአልጋው ወርዶ አጠገቧ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ።

«እኔም አድርጌዋለሁ» አላት።

«ምኑን?»

«አምና ነው። አንድ ሰውዬ ሊፍት ውስጥ ተይዞ በፍርሃት ይጮሃል። መፍቻው እስኪመጣ ላረጋጋው ብዬ በበሩ ስንጥቅ አወራው ጀመር። ልጅ አለህ ወይ አለኝ። አለችኝ አልኩት። አርባ ደቂቃ ስለሷ አወራሁለት።»

«አርባ ደቂቃ? አንተ?»

«አዎ።»

«ምን ብለህ?»

«ዋና እየተማረች ነው አልኩት። ውሃ ትፈራ ነበር፣ አሁን ግን ፍርሃቱ ለቋታል አልኩት።»

ሳቅ ሳታስበው ከለቅሶዋ መሀል ፈነዳባት፤ እሱንም ያዘው። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ሻይ አፍልተው ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። እስከ እኩለ ቀን አወሩ፤ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ድሮው ቤታቸው ሦስተኛ መኝታ ቤት። በመጨረሻ ባሏ ሸሚዙን ቀየረና «ተነሺ» አላት። «ቀለሙ ሳያልቅ ሄደን እንንገራቸው።»

ሲደርሱ ቀለሙ አልቆ ነበር። ግድግዳው ገና ያበራል፣ ሽታው ግቢው ድረስ ይሸታል። ቲቸር ከበር ሆነው ከኋላቸው ልጆች ይኖሩ እንደሁ አንገታቸውን አሰገጉ።

«የት አሉ?»

ጥርስ ሰሪዋ ነገረቻቸው። ሳትቀባባ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ቲቸር የፈተና ወረቀት እንደሚያርሙ ሁሉ በጥሞና አዳመጧት። ሲያልቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አለመውለድሽ አላስቆጣኝም» አሉ። «ብትነግሪኝ ቤቱን እሰጥሽ ነበር፣ አልሰጥሽም ነበር፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን አየሽ ልጄ፣ እኔ እነዚያን ልጆች ሁለት ሳምንት አሳድጌያቸዋለሁ። ለልጅቷ የማባዣ ሰንጠረዥ በእጄ ጽፌያለሁ። አሁን መጥተሽ ወስደሻቸው ልትሄጂ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እላለሁ። ዛሬ ግን አልልም» አሉና በሩን ዘጉ፤ በኃይል አይደለም፣ ቀስ አድርገው። ያ ደግሞ የባሰ አመማት። ቤቱን ከሳምንት በኋላ ሦስት ልጆች ላሏቸው ሰዎች እንዳከራዩት ቶሎ በሉ ነገራት።

ባልና ሚስቱ ከዚያ በር ሲወጡ የሚሄዱበትን ሳያዩ በመጣላቸው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሁለቱም በመስኮት ሲያዩ ነው መንገዱ የማያውቁት መሆኑ የገባቸው። ወርደው ራሳቸውን ያገኙት የወርክሾፖች መንገድ ላይ ነው። ብረት በያጁ ብልጭታ ይረጫል፣ መስታወት ቆራጩ ትልቅ መስታወት ይዞ መንገድ ያስቆማል፣ ሶፋ ሰሪው ስፖንጁን እግረኛ መንገድ ላይ ዘርግቶ ይቆርጣል። አንዱ ሌላውን በስሙ ሳይሆን በሥራው ይጠራዋል። «አንተ ሞተር! መዶሻዬን መልስ!» ይላል አንዱ። «አልሰማሁም!» ይላል ሌላው። በእርግጥም አይሰማም።

ጥርስ ሰሪዋ ሳታውቀው እርምጃዋ ዘገየ። ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የአንዱን የሥራ ጠረጴዛ፣ የሌላውን ሞረድ እያየች «ይሄ ሞረድ ለጥርስም ይሆናል» አለች።

ባሏ ጆሮውን ይዞ «አብደሻል? እዚህ ሰው ይኖራል?» አላት።

«ፎቁን እየው።»

ከወርክሾፖቹ በላይ መስኮቶች ነበሩ፣ ገሚሶቹ ባዶ። ጥግ ላይ ካለ ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አንድ ነገር ሆነ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ። መዝጊያዎቹ ወረዱ። ሰዎቹ እጃቸውን በዘይት ጨርቅ እየጠረጉ «ደህና እደር» ተባብለው ሄዱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንገዱ እንዲህ ጸጥ አለ፤ ድመት ስትራመድ ትሰማለች። ባሏ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

«ሰንበትስ?» አላት የሻይ ቤቷን ሴት።

«ሰንበት? ዝንብም የለም» አለችው።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩበትም።

ቶሎ በሉ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እዚያ እኮ ትምህርት ቤት የለም! መጫወቻ የለም! ቤተሰብ አይገባበትም!»

«እኛ ቤተሰብ ነን» አለው ባሏ። ለሱ ሦስት ቃልም ትልቅ ንግግር ነው። ደላላው ላቡን ጠርጎ ቁልፉን አመጣ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ከመስታወት ቆራጩ በላይ ያለውን ሦስተኛ ፎቅ ያዙ፤ አንድ መኝታና መንገዱን የሚያይ ሰፊ ክፍል። ሰው «ከዚያ ወዲያ ተረጋጋች» ብሎ እንዳያስብ። በመጀመሪያው ወር አልጋውን አራት ጊዜ አዛወረችው። ሥራ ስትሄድ በየጠዋቱ ሌላ መንገድ ትሞክራለች። ሰፊው ክፍል ለምን እንደሚሆን ስድስት ወር ስትጨቃጨቅበት ከርማ፣ አንድ ቀን አናጢው ጎረቤቷ ከፍ ያለ ጠረጴዛ እንዲሰራላት አደረገችና ጄሶዋን፣ ሰሟንና ሞረዶቿን ደረደረችበት። በዓመቱ ከላብራቶሪው ወጥታ ለራሷ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ደንበኛዋ ብረት በያጁ ነበር፤ ጥርሱን ካስገባች በኋላ መስታወት ቆራጩ ዘንድ ወርዶ ለሽያጭ በተደረደረው መስታወት ሁሉ ፊት እየተመላለሰ ሲስቅ ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ አየው።

አዲስ ደንበኛ አፉን ከፍቶ እያለ ስለ ልጅ አይጠይቃትም። ከፈለገም ጨርሶ ሲዘጋ ይጠይቃታል። «የለንም» ትለዋለች፣ ሞረዱን ሳታቆም። አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል። «ቀና በሉ፣ ልኩን እያየሁ ነው» ትላለች።

የኪራይ ውሉን ሊያድሱ ሲሄዱ አከራያቸው የሦስት ዓመት ወረቀት አዘጋጅተው ጠበቋቸው። ባሏ እስክሪብቶውን አነሳ። እሷ ክንዱን ያዘችው።

«ስድስት ወር ብቻ እንፈርም።»

«አሁን ደግሞ ወዴት ነው?»

«እንጃ። የትም። ብቻ ስድስት ወር ይሁን።»

ባሏ ትከሻውን ሰብቆ አከራዩን አያቸው። ስድስት ወር ፈረሙ። ይኸው አራት ዓመታቸው ነው፤ በየስድስት ወሩ አከራዩ ወረቀቱን ይዘው ሦስት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ፣ እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ መንገዱን ቁልቁል እያየች ታስባለች፣ ባሏ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃታል፣ እሷም «እስቲ ስድስት ወር» ትልና ትፈርማለች።